እማዬ፣ ዳኛው ምን አሉሽ?

በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤዎች ይዣለሁ። ሦስቱም ስለ ፍጥነት ቅጣት ናቸው፣ ሦስቱንም የጻፉት ወላጆች ናቸው። የመጀመሪያዋ ጸሐፊ የፍርድ ቤት ቀጠሮዋ ቅርብ ስለነበር መልሱን መጽሔቱ ሳይታተም ልኬላታለሁ። ምን እንደሆነም መልሳ ጽፋልኛለች፤ እሱን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ፣ እንደምን ነህ? የ9 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። መኪና መንዳት ከጀመርኩ 11 ዓመት አልፎኛል፣ አንድም ቀን ተቀጥቼ አላውቅም። ባለፈው ወር ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት ላደርስ እየነዳሁ ነበር። ረፍዶብናል። አንድ እግር ጫማው ጠፍቶ እሱን ስንፈልግ ነው የረፈደብን። የፍጥነት ወሰኑ 50 የሆነ መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝና «በ68 ነው የምትሄጂው» አለኝ። መሣሪያውንም አሳየኝ። እኔ ግን ዳሽቦርዱን ሳየው 60 ገደማ ነበር። የሰጠኝ ወረቀት ወይ ክፈይ ወይ በዚህ ቀን ፍርድ ቤት ቅረቢ ይላል። ከከፈልኩ ጥፋቱን እንዳመንኩ ይቆጠራል፣ መንጃ ፈቃዴ ላይም ነጥብ ይያዝብኛል። ጓደኛዬ ደግሞ «ልጁ ታሞ ሐኪም ቤት እየወሰድኩት ነበር በያቸው፤ ከፈለግሽም ልጁን ይዘሽው ሂጂ፣ ያዝኑልሻል» ትለኛለች። ልጄ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ «እማዬ፣ እስር ቤት ያስገቡሻል?» እያለ ይጠይቀኛል። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ልክፈል ወይስ ልሂድ? ከሄድኩስ ምን ልበል? መሣሪያው ተሳስቶ ቢሆንስ? ልጁንስ ልውሰደው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከልጅሽ ጥያቄ ልጀምር፤ ከሁሉም አስቸኳዩ እሱ ነው። ዛሬ ማታ እሱ ሳይጠይቅሽ አንቺ ቀድመሽ ንገሪው። «እስር ቤት አልገባም። ከተፈቀደው በላይ ፈጥነሻል ተብያለሁ፤ ዳኛው ይሰሙኛል፣ ጥፋተኛ ካሉኝ ገንዘብ እከፍላለሁ» በይው። በቃ፣ ይህን ያህል ነው። ሰው ያልተጎዳበት፣ የመጀመሪያ ጥፋት የሆነ፣ ከወሰኑ በ18 ኪሎ ሜትር የበለጠ ፍጥነት በአብዛኛው ቦታ በገንዘብና በነጥብ የሚያልቅ ነገር ነው። ልጅ ያልነገሩትን ነገር በሐሳቡ ከእውነቱ አግዝፎ ነው የሚፈራው።

ዝም ያለበትን ነገር ግን ልብ በይው። ጓደኛሽ ያንን ስትል እሱ እውነቱን ያውቃል። አልታመመም። የጠፋው ጫማው ነው።

እኔም በዚህ አልፌያለሁ፣ ለዚህ ነው ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ያነበብኩት። ልጄ 7 ዓመቷ ነበር፣ ቁጥር ማንበብ የለመደችበት ሰሞን። ያየችውን ቁጥር ሁሉ ታነባለች፤ የመኪና ታርጋ፣ የቤት ቁጥር፣ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ስልክ። ከኋላ ወንበር በመሐል አንገቷን አስግጋ «አባዬ፣ መርፌዋ 50 ላይ ናት!» አለችኝ፣ በደስታ። እኔም «ጎበዝ!» አልኳት። ጎበዝ አልኳት እንጂ እግሬን ከነዳጁ ላይ አላነሳሁም። መንገዱ የትምህርት ቤት ሰፈር ነው፣ ወሰኑ 30 ነው። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ አስቆሙኝ። ራዳሩ 47 ይላል።

ያኔ ያደረግኩትን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም አንቺም እዚያው ላይ ነው ያለሽው። ሦስት ሌሊት ስለ ራዳር ሳነብ ቆየሁ። ከጎኔ ሌላ መኪና ስለነበር «የለካው እሱን ነው» ብዬ ልከራከር ተዘጋጀሁ። ንግግሬን ወረቀት ላይ ጻፍኩት፤ ጥሩ ንግግር ነበር። በቀጠሮው ጠዋት ልወጣ ስል ልጄ በሩ ላይ ቆማ «አባዬ፣ 50 እንደነበረ ትነግራቸዋለህ አይደል?» አለችኝ። እሷ እኮ የረዳችኝ መስሏታል። ቁጥሩን ያነበበችው እሷ ስለሆነች ዳኛዋ የሚጠይቁኝ ያንን ነው ብላ ነው የምታስበው። ምንም አልመለስኩላትም፤ ጭንቅላቷን ስሜ ወጣሁ።

ችሎት ገብተሽ የማታውቂ ከሆነ ትንሽ ልንገርሽ፣ አለማወቁ ነው የሚያስፈራው። አንድ ሰው ብቻውን ቀርቦ የሚጮኹበት ቦታ አይደለም። አብዛኛው ጊዜ መጠበቅ ነው። አዳራሹ ውስጥ እንደ አንቺ ወረቀት የያዙ ብዙ ሰዎች አሉ። ስም ይጠራል፣ ክሱ ይነበባል፣ «ጥፋቱን ታምናለህ?» ይባላል፣ አጠር ያለ ጥያቄና መልስ ይኖራል፣ ውሳኔ ይሰጣል፣ ቀጣዩ ይጠራል። የአንዳንዱ ጉዳይ አምስት ደቂቃ አይሞላም። እኔ ሁለት ሰዓት ጠብቄያለሁ። ከእኔ በፊት የተጠራ ወጣት ብዙ ተናገረ፤ ስለ መሣሪያው፣ ስለ ፖሊሱ አነጋገር፣ ስለ መንገዱ። ዳኛዋ ዝም ብለው ሰሙትና «እሺ፣ ታዲያ በስንት ነበር የምትነዳው?» አሉት። ዝም አለ። ያ ዝምታ የእኔ መሰለኝ። ኪሴ ውስጥ ያለውን ወረቀት ጨበጥኩት።

ስሜ ሲጠራ ያልተዘጋጀሁበትን ነገር ተናገርኩ። «ልጄ መርፌዋ 50 ላይ ናት ብላኝ ነበር፣ ሰምቻታለሁ፣ አልቀነስኩም» አልኩ። ዳኛዋ ቀና ብለው «ልጅቷ አብራዎት ነበረች?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ሌላ የጠየቁኝ ነገር የለም። ቅጣቱ ቀረልኝ እንዳልልሽ፣ አልቀረልኝም። ጥፋተኛ ተባልኩ። ከዚያ በፊት ጥፋት ስላልነበረብኝ ገንዘቡን ቀነሱልኝና የግማሽ ቀን የአሽከርካሪዎች ሥልጠና እንድወስድ አዘዙኝ።

ሥልጠናው ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አሠልጣኙ ግቢው ውስጥ አስፋልቱ ላይ በኖራ መስመር አሰመረ። «እዚህ ጋ ሕፃን ልጅ ስትገባባችሁ አያችኋት እንበል» አለ። ሰው አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በዚያች ሰከንድ መኪናው ፍጥነቱን ሳይቀንስ ይሄዳል። ከዚያ ነው ፍሬኑ የሚሠራው። መንገዱ ደረቅ፣ ጎማውና ፍሬኑ ደህና ከሆነ፣ በ30 የሚነዳ ሰው 13 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። እዚያ ጋ ሁለተኛ መስመር አሰመረ። በ47 የሚነዳውስ? የሚቆመው 25 ሜትር አካባቢ ነው። እኔን የገደለኝ ግን የሚቆምበት ቦታ አይደለም። በ30 የነዳው ሰው መኪናውን አቁሞ በጨረሰበት በ13 ሜትሩ መስመር ላይ፣ በ47 የነዳው ሰው ገና እግሩ ፍሬኑን እየነካ ነው። እዚያ ልጅ ብትኖር የሚመታት በሙሉ ፍጥነቱ ነው። ያንን መስመር ቆሜ አየሁት። ልጄ «ጎበዝ» ያልኳት ቀን እኔ የነበርኩት እዚያ ነው።

የአንቺንም አስልቼዋለሁ፣ አትቀየሚኝ። በተመሳሳይ ሁኔታ በ50 የምትነጂ ከሆነ 28 ሜትር ገደማ ላይ ትቆሚያለሽ። በ68 ግን 44 ሜትር ያስፈልግሻል። በ50 የነዳሽው አንቺ በቆምሽበት ቦታ ላይ፣ በ68 የነዳሽው አንቺ ገና በ55 እየሄድሽ ነው። 18 ኪሎ ሜትር ትንሽ ትመስላለች፣ ምክንያቱም በቁጥር ነው የምናስባት። መኪናው የተሸከመው ጉልበት ግን ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፣ በካሬ ነው የሚጨምረው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመኪና ፊት ለፊት የተመታ እግረኛ የመሞት ዕድሉ ፍጥነቱ ከ50 ወደ 65 ሲያድግ 4.5 እጥፍ ይሆናል። ያተረፍሽውን ደቂቃ ደግሞ እይው። 5 ኪሎ ሜትር በ50 ስድስት ደቂቃ ይፈጃል፤ በ68 አራት ደቂቃ ከ25 ሰከንድ። ልዩነቱ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው፤ ያውም መብራትና እግረኛ ሳያስቆምሽ። ጫማ ፍለጋው ከዚያ በላይ ወስዷል።

አሁን ወደ መሣሪያው። ተሳስቶ ሊሆን ይችላል ወይ? ይችላል፣ መጠየቅም መብትሽ ነው። ግን «እኔ 60 ነው ያየሁት» የሚለው ብቻውን አይጠቅምሽም። እርግጥ ነው፣ ብዙ አገሮች የተቀበሉት የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪዎች ደንብ የመኪና ፍጥነት መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ያዛል፤ ወደ ላይ ግን የተወሰነ አስበልጦ እንዲያሳይ ይፈቅድለታል። ለዚህ ነው የልጄ መርፌ 50 ስትል ራዳሩ 47 ያለው። ስለዚህ ዳሽቦርድሽ በትክክል 60 ካለ እውነተኛ ፍጥነትሽ 60 ወይም ከዚያ በታች መሆን ነበረበት። ግን ይህ ሊዛባ የሚችልበት አንድ የታወቀ ምክንያት አለ፤ መኪናሽ ላይ ከፋብሪካው ከተገጠመለት የሚበልጥ ጎማ ከተደረገ መለኪያው ከእውነቱ ዝቅ አድርጎ ያነብባል። ጎማሽ ጎን ላይ ያለውን ቁጥር የመኪናው መመሪያ ላይ ካለው ጋር አመሳክሪው። ተለውጦ ከሆነም ምክንያት ይሆንሻል እንጂ ነፃ አያወጣሽም፤ ጎማውን አስተካክዪ።

ሌላም ነገር ልጠይቅሽ፣ ራስሽን ብቻ መልሺለት። ዳሽቦርዱን ያየሽው መቼ ነው? ፖሊሱን ካየሽ በኋላ ነው? እንደዚያ ከሆነ እግርሽ ከዓይንሽ ቀድሟል። ሁላችንም እንደዚያ ነን፤ ዩኒፎርም ስናይ መጀመሪያ ፍሬን እንይዛለን፣ ከዚያ ነው መርፌውን የምናየው። መሣሪያው ደግሞ የለካሽ ከዚያ በፊት ነው።

ከልብሽ መሣሪያው ተሳስቷል ብለሽ ካመንሽ ግን ተከራከሪ፤ ማፈር የለብሽም። ጥያቄሽ ግን ግልጽ ይሁን። መጀመሪያ በምን እንደለኩሽ ጠይቂ። ራዳር የሚሠራው ክርስቲያን ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 በገለጸው መርሕ ነው፤ ወደ አንቺ የተላከው ሞገድ ነጥሮ ሲመለስ ድግግሞሹ ይለወጣል፣ ከልዩነቱ ፍጥነትሽ ይታወቃል። የራዳር ጨረር እየራቀ ሲሄድ ይሰፋል፤ መቶ ሜትር ላይ ከአንድ መስመር በላይ ሊሸፍን ይችላል። ስለዚህ አጠገብሽ ሌላ መኪና ከነበረ «የትኛውን ነው የለካው?» ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው። ሌዘር ከሆነ ጨረሩ በጣም ጠባብ ስለሆነ ያ ጥያቄ ብዙም አያራምድሽም። ፖሊሱ ከመንገዱ ዳር በማዕዘን ነው የቆመው ብለሽ ለመከራከር ካሰብሽ ደግሞ ተይው። ቆሞ የሚለካ መሣሪያ በማዕዘን ሲያነብ የሚያሳየው ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ነው፤ ለአንቺ ያደላል ማለት ነው። ቀጥሎ መሣሪያው መቼ እንደተፈተሸና ልኬቱ እንደተረጋገጠ የሚያሳየውን ሰነድ ጠይቂ። በመጨረሻ ወደ ቦታው ተመለሺና የፍጥነት ምልክቱን አይተሽ ፎቶ አንሺው። ቅርንጫፍ ሸፍኖት ወይም ወድቆ ከሆነ ለዳኛው የሚታይ ነገር ነው። ይህን ሁሉ የምትጠይቂው ከቀጠሮው ቀን በፊት በጽሑፍ ነው፤ የዚያን ዕለት ችሎት ውስጥ ከሆነ ረፍዷል።

ልክፈል ወይስ ልሂድ ላልሽው፣ አሠራሩ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ መጀመሪያ የወረቀትሽን ጀርባ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ሰው ፊቱን ብቻ አንብቦ ነው የሚደነግጠው። መቼ ድረስ መክፈል እንደምትችዪ፣ ፍርድ ቤት ቀርበሽ ከተረታሽ ተጨማሪ ወጪ ይኑር አይኑር፣ በነጥብ ፋንታ ሥልጠና ይፈቀድ እንደሆነ እዚያ ይጻፋል ወይም በስልክ ይነግሩሻል። እኔን ከጠየቅሽኝ ሂጂ። 11 ዓመት ያለ ጥፋት ነድተሻል፤ ያንን መዝገብ አይቶ ሊያስብልሽ የሚችለው ዳኛ እንጂ የክፍያ መስኮት አይደለም። ብቻ ምንም ብትወስኚ ቀኑን አታሳልፊ። ሰው ሳይቀርብ ሲቀር በሌለበት ይፈረድበታል፤ በብዙ ቦታ መንጃ ፈቃዱም ይታገዳል፣ ትንሹ ነገር ትልቅ የሚሆነው እንደዚያ ነው።

ምን ልበል ላልሽው፣ አጭር። ፈጥነሽ ከነበረ «አዎ፣ ከወሰኑ በላይ ነበርኩ፤ ልጄን ላደርስ ረፍዶብኝ ነበር፤ በ11 ዓመት የመጀመሪያዬ ነው፤ ሥልጠና ቢፈቀድልኝ ወይም በሁለት ጊዜ ብከፍል እለምናለሁ» በይ። ረፍዶብኝ ነበር ማለት ምክንያት እንጂ ማምለጫ አይደለም፤ እንደዚያው ንገሪያቸው። የጓደኛሽን ምክር ግን ከአፍሽ እንዳይወጣ። ፍርድ ቤት ፊት ሐሰት መናገር በብዙ ቦታ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ከፍጥነቱ በእጅጉ ይከብዳል። «የትኛው ሐኪም ቤት? ካርዱ የታለ?» ቢሉሽስ? እሱም ይቅር። ልጁን ይዘሽው ብትሄጂ፣ አጠገብሽ ቆሞ ታምሞ ነበር ስትዪ ይሰማል። ምንም አይናገርም። ቤት ስትገቡም ምንም አይጠይቅሽም። እኔ ያ ያስፈራኛል።

ስለዚህ አትውሰጂው፤ ትምህርት ቤት ይሂድ። ማታ ግን ቁጭ ብለሽ ሁሉንም ንገሪው፣ ገንዘቡ ስንት እንደሆነም ጭምር። እኔ ለልጄ «50 እንደነበረ ነገርኳቸው» ስላት «እኔ ያነበብኩት?» አለችኝ። «አዎ፣ አንቺ ያነበብሽው፤ ያኔ ልሰማሽ ይገባኝ ነበር» አልኳት። አሁን አድጋለች። እስከ ዛሬ መርፌዋን ታነብልኛለች፣ እኔም እቀንሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ19 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ 8 ወሩ ነው። በእኔ መኪና ወሰኑ 60 የሆነ መንገድ ላይ በ92 ሲነዳ ካሜራ አንስቶታል። ደብዳቤው የመጣው በእኔ ስም ነው፣ መኪናው የእኔ ነውና። ከዚህ በፊት አንድ ቅጣት አለበት፤ ይህኛው ከተጨመረ ፈቃዱን ይነጠቃል። ሥራ ሊጀምር ነው፣ ፈቃዱ ያስፈልገዋል። እኔ ነበርኩ የነዳሁት ብዬ ብቀበልለትስ? የእኔ መዝገብ ንጹህ ነው። አባት አይደለሁ?

መልስ፦ አባት ስለሆኑ ነው እንዲህ ያሰቡት፣ ይገባኛል። ግን አያድርጉት። እባክዎን።

እንግሊዝ ውስጥ ክሪስ ሁን የሚባል፣ በኋላ የካቢኔ ሚኒስትር የሆነ ፖለቲከኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በፍጥነት ካሜራ ተይዞ ነጥቡን የዚያን ጊዜ ሚስቱ በስሟ ተቀበለችለት። ነገሩ ከዓመታት በኋላ ወጣ። በ2013 ሁለቱም እያንዳንዳቸው 8 ወር እስራት ተፈረደባቸው። ፍጥነቱ ቢበዛ ገንዘብ፣ ነጥብና የመንጃ ፈቃድ እገዳ ያስከፍለው ነበር፤ ሥልጣኑንም ነፃነቱንም ያሳጣው ውሸቱ ነው። በእርስዎም በኩል እንደዚያው ነው። «እኔ ነበርኩ» ብለው ከፈረሙ ከልጅዎ ቅጣት ወደ እርስዎ ወንጀል ነው የሚያልፈው፤ ልጅዎም አብሮ ይጠየቃል። ካሜራው ደግሞ ከፊት ያነሳ ከሆነ የሹፌሩ ፊት ፎቶው ላይ ሊኖር ይችላል።

ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። በ92 እና በ60 መካከል ያለው የግጭት ጉልበት ልዩነት ከእጥፍ በላይ ነው። ይህ ለሁለተኛ ጊዜው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል አንደኛ የሆነው የመንገድ ግጭት ነው ይላል። ልጅዎ እዚያ ዕድሜ ውስጥ ነው። ፈቃዱን ለጥቂት ወራት ቢነጠቅ ሥራው ይዘገያል፣ በአውቶቡስ ይሄዳል፣ ያዝናል፣ ይቆጣዎታል። ይቆጣ። በሕይወት ሆኖ ይቆጣ።

ደብዳቤው ላይ ሹፌሩ ማን እንደነበር እንዲያሳውቁ ከተጠየቁ የልጅዎን ስም በጊዜው ይጻፉ። ከመጻፍዎ በፊት ግን ይንገሩት፤ ከደብዳቤ እንዳይሰማው። ከዚያ ፍርድ ቤት አብረውት ይሂዱ። ከኋላው ይቀመጡ፣ እሱ ራሱ ይናገር። ዳኛው ሲጠይቁት ወደ እርስዎ ዞሮ ቢያይ ዝም ይበሉት። ሥራ የሚጀምር ከሆነ የቅጥር ደብዳቤውን ይዞ ይሂድና ሁኔታውን ያስረዳ፤ አንዳንድ ቦታ ዳኛው የእገዳውን ጊዜ ሲወስን ይህን ያያል። ይህ በሐቅ የሚጠየቅ ነገር ነው፣ ማፈር የለውም። ቁልፉን እስከዚያው እርስዎ ጋ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ የካሜራ ቅጣት በፖስታ መጣልን። ቀኑ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ያን ቀን እኔም ባለቤቴም ልጆቹን ስናመላልስ ነድተናል። ማን እንደነበር ከልባችን አናስታውስም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ አትገምቱ። ፎቶውን ጠይቁ፣ በአብዛኛው ይሰጣችኋል። ፎቶው ላይ ሰዓቱ አለ፤ ከስልካችሁ ጥሪ፣ ከልጆቹ መውጫ ሰዓት፣ ከነዳጅ ደረሰኝ ጋር አመሳክሩት። ካሜራው ከኋላ ብቻ ያነሳ ከሆነና ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልታወቀ፣ የሞከራችሁትን ሁሉ ዘርዝራችሁ በቀነ ገደቡ ውስጥ ጻፉ። አንዳንድ ቦታ እንዲህ ሲሆን የሚጠየቀው የመኪናው ባለቤት ነው፣ ያንንም እወቁት። ዝም ብሎ ማሳለፍ ግን ከሁሉም የባሰ ነው።

በነገራችን ላይ ይህን ዓይነት ካሜራ የፈለሰፈው ማውስ ጋትሶኒደስ የሚባል ሆላንዳዊ የመኪና ውድድር ሹፌር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 የሞንቴ ካርሎን ራሊ አሸንፏል። መጀመሪያ መሣሪያውን የሠራው ኩርባ ላይ የራሱን ፍጥነት ለክቶ ይበልጥ ለመፍጠን ነበር።

አሁን የመጀመሪያዋ እናት ከቀጠሮዋ በኋላ የላከችልኝ። ፈቃድ ሰጥታኝ ነው የማወጣው።

«ወንድሜ፣ ሄድኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅኩ፣ ጉዳዬ አራት ደቂቃ አልወሰደም። የመሣሪያውን ሰነድ አስቀድሜ ጠይቄ ነበር፣ ምርመራው በጊዜው የተደረገ ነው። ጎማውንም አየሁት፣ አልተለወጠም። ዳሽቦርዱን መቼ ነው ያየሽው ያልከኝን ደግሞ ብዙ አሰብኩበት። ፍሬኑን ከያዝኩ በኋላ ነው። ለዳኛው አዎ ፈጥኛለሁ አልኩ። መዝገቤን አዩና ዝቅተኛውን ቅጣት አድርገውልኝ በሁለት ጊዜ እንድከፍል ፈቀዱልኝ። ነጥቡ አልቀረም። ቤት ስገባ ልጄ በር ላይ ነበር፤ «እማዬ፣ ዳኛው ምን አሉሽ?» አለኝ። «ፈጥነሻል አሉኝ፣ እኔም አዎ አልኩ» አልኩት። «ታምሜ ነበር አላልሽም?» አለ። «አላልኩም» ስለው ቦርሳዬን ተቀበለኝ። እሁድ ዕለት ያንተን የ28 ሜትር ነገር ነገርኩትና ኖራ አንስቶ ከበራችን ጀምሮ መቁጠር ጀመረ፣ እኔ በገመድ እለካለሁ እሱ ያሰምራል። 28 ሜትሯ የጎረቤታችን በር ላይ አበቃች። 44 ሜትር ለመድረስ መታጠፊያውን መሻገር ነበረብን፣ እጁን ይዤ ግራና ቀኝ አየንና ተሻገርን።»